ግጥም ያለ እግር

አጎቴ ጠዋት ከአልጋው ከመውረዱ በፊት የሚሠራው ሥራ አለው። ግድግዳ ተደግፎ ያደረውን ሰው ሠራሽ እግር ያነሣና ሁለት ጣቶቹን ወደ ውስጥ ሰድዶ ዙሪያውን ይዳብሳል። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ወይም የክር ቁራጭ ቀርታ ከሆነ ቆዳውን ስትልጠው ትውላለችና። ከዚያ ከጉልበቱ በታች የቀረውን ጉማጅ ያየዋል። አብጧል? ከስቷል? እንደ አመሻሹና እንደ አዳሩ አንድ ካልሲ ወይም ሁለት ያለብሰዋል፤ ያጠልቃል፤ ይቆማል፤ ክብደቱን ግራና ቀኝ ያዛውራል። በዚያች ደቂቃ ፊቱን ያየ ሰው የሞተር ድምፅ የሚያዳምጥ ሹፌር ነው ይላል። ሹፌርም ነበር። መጀመሪያ የአሰብ፣ ኋላ የጅቡቲ መስመር ሲመላለስ ያልነካው አደጋ እዚሁ ደጃችን፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወስደው የሐረጎ ቁልቁለት ላይ አገኘው፤ ጎማ ሊቀይር በወረደበት ፍሬን እንቢ ያለው ሌላ መኪና መጣበት። "ዛሬ ግጥም ብሏል" ካለ ቀኑ ጥሩ ነው። ካላለ ቁርሱን እንኳን በወጉ አይበላም።

የምጽፈው ስለ ጨዋታ ነው፤ የወደፊቱን ዘመን ስለሚያሳዩ የኮምፒውተርና የወረቀት ጨዋታዎች። የአጎቴን እግር ያስቀደምሁት ያለ እሱ የቀረውን ማስረዳት ስለማልችል ነው።

እኔ ደሴ የሒሳብ መምህር ነኝ። ኮምቦልቻ የሚኖረው ጓደኛዬ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ተቆጣጣሪ ነው፤ ከምናውቃቸው ሰዎች ሁሉ ጠንካራ ኮምፒውተር ያለው እሱ ብቻ ስለሆነ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ሐረጎን ወርጄ እሱ ቤት እውላለሁ። ፋርማሲ የምትሠራው እህቱና አንድ ልብስ ሰፊ ጓደኛችን ይጨመራሉ። አንዱ ይጫወታል፣ ሦስቱ ይመክራሉ፤ መካሪ ሲበዛ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ያውቀዋል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ወሬው ይቀጥላል፤ ወሬው ሲረዝም ወረቀትና የሉዶ ዳይስ ወጣ፤ በዚያው የራሳችንን የሚና ጨዋታ ጀመርን፤ ሦስቱ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይሆናሉ፣ እኔ ታሪኩን እመራለሁ፣ ዕድሉን ዳይስ ይወስናል። በእኛ ጨዋታ ዘመኑ ሩቅ ነው፣ ከተማዋ ኮምቦልቻ ናት፣ ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ ወደ ሐራ ገበያ የሚዘልቀው ባቡርም ይሠራል። በሰዓቱም ይነሣል። ልብስ ሰፊው ከሁሉም ልብ ወለድ የሆነብኝ ይኸኛው ነው ይላል።

የእነዚህ የወደፊት ዘመን ጨዋታዎች ዋናው ጉጉት ሰውነትን ማደስ ነው። ዓይን ይቀየራል፣ እጅ በብረት ይተካል፣ አከርካሪ ላይ ማሽን ይገጠማል። ጨዋታ ሠሪዎቹ ከዓመት ዓመት ሲያፈርሱና ሲገነቡት የኖሩት አንድ ጥያቄ አለ፤ ተጫዋቹ ሁሉንም ነገር እንዳይገጥም ምን ይከልክለው? ከልካይ ከሌለ ሁሉም ሰው ጨዋታውን አንድ ዓይነት የብረት ሐውልት ሆኖ ይጨርሰዋል፤ ምርጫ የሚባል ነገር አይኖርም።

ሳይበርፐንክ 2077ን እንውሰድ። ሲዲ ፕሮጀክት ሬድ የተባለው የፖላንድ ኩባንያ በ2020 ሲያወጣው (ዓመታቱን እንደ ጨዋታዎቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) ጥይት የሚከላከልልህ በዋናነት የምትለብሰው ልብስ ነበር። ውጤቱ አስቂኝ ነበር። የተሻለ ቁጥር ያለው ኮፍያ ከተገኘ ቀለሙ ምንም ይሁን ይደፋል። የእኛ ጀግና በዓለም ላይ ካሉ አደገኛ ሰዎች ጋር ሊፋለም ሲወጣ ከሰልቫጅ ተራ ዓይኑን ጨፍኖ እጁ የገባለትን የለበሰ ሰው ይመስል ነበር። የሰውነት ብረቱን የሚገድበው ደግሞ ገንዘብህ፣ በከተማው ውስጥ ያለህ ዝናና የአንዳንድ ችሎታዎችህ ደረጃ ነበር። እነዚህ ሲሟሉ ክፍት ቦታዎቹን ሞልተህ መሄድ ነው።

በመስከረም 2023 የወጣው 2.0 የተባለው ማሻሻያ ይህንን ከሥሩ ነቀለው። መከላከያው ከልብስ ወጥቶ ወደ ሰውነት ብረት ገባ፤ ልብስ በአብዛኛው ለማማር ቀረ። እያንዳንዱ ብረት ክብደት መሰል ቁጥር ተሰጠው፤ ሰውነትህም የሚሸከመው ልክ ተበጀለት፤ ልኩ ደረጃህ ከፍ ባለ ቁጥር ያድጋል። ከልኩ ማለፍ የሚፈልግ ለዚያ የተዘጋጀ ችሎታ አለ፤ ዋጋው ግን ከጤንነት ይቆረጣል። እንደ ጨዋታ ሕግ ስመለከተው ጥሩ ሥራ ነው፤ ተጫዋቹ ዕቃ ቤት ገብቶ ሁሉንም ከመግዛት ይልቅ ቁጭ ብሎ እንዲያስብ ያደርገዋል። ጓደኛዬ የመጀመሪያውን ቅዳሜ አንዲት ጥይት ሳይተኩስ ብረት ሲያነሣና ሲያስቀምጥ ዋለ። እህቱ "መጋዘንህን ይዘህ መጣህ?" አለችው።

እኔ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ፤ ምን እንደሆነ ለማወቅም ሳምንታት ወሰደብኝ። በጨዋታው መጀመሪያ ላይ ቪክተር የተባለው ብረት ገጣሚ ለጀግናው አዲስ ዓይንና የእጅ መሣሪያ በዱቤ ይገጥምለታል፤ ዕዳው በጨዋታው ገንዘብ 21,000 ነው። ጀግናው ወንበሩ ላይ ይተኛል፣ ትንሽ ያቃስታል፣ በደቂቃዎች ውስጥ ተነሥቶ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ያ ዓይን አይቆጠቁጥም፣ ያ እጅ አያብጥም፣ ማንም ጠዋት ተነሥቶ በጣቱ አይዳብሰውም። ዋጋው አንድ ጊዜ በመግዣው ሰዓት ተከፈለ፤ አበቃ። አዲሱም ሕግ ቢሆን ዋጋውን ከኪስ ወደ አቅም ቁጥር አዛወረው እንጂ ሰዓቱን አልነካውም።

ወደ ኋላ ተመልሼ ሌሎቹንም በዚህ ዓይን ማየት ጀመርሁ። በ2000 የወጣው ዴኡስ ኤክስ ለእግር ከሁለት አንዱን ያስመርጥሃል፤ ድምፅ ሳያሰሙ መራመድ ወይም በፍጥነት መሮጥ። የመረጥኸውን መልሰህ መቀየር አትችልም። እወደዋለሁ፤ ቆራጥ ሕግ ነው። ግን ምርጫውም የግዢ ሰዓት ምርጫ ነው። በ2011 የመጣው የዚያው ተከታታይ ጨዋታ፣ ሂውማን ሬቮሉሽን፣ ሊነካው ቀርቦ ነበር። በዚያ ዓለም ብረት የተገጠመለት ሰው ሁሉ ሰውነቱ ብረቱን እንዳይገፋው ኒውሮፖዛይን የሚባል መድኃኒት ዕድሜ ልኩን መውሰድ አለበት። መድኃኒቱ ውድ ነው፤ መንገድ ላይ ሰዎች ይለምኑታል። ይህንን ያየሁ ቀን ከወንበሬ ልነሣ ነበር። አንድ ነገር ግን ቀርቷል፤ ዋናው ገጸ ባሕርይ መድኃኒቱ አያስፈልገውም። በተፈጥሮው የተለየ ነው። ስለ ጥገና፣ ስለ ጥገኝነት፣ ስለ ነገ ጠዋት የሚነገረው ታሪክ የሁሉም ሰው ታሪክ ሲሆን የእኔ፣ የተጫዋቹ፣ ታሪክ ግን ሳይሆን ቀረ። በ2016 የመጣው ማንካይንድ ዲቫይድድ ደግሞ አንድ አዲስ ብረት ለማብራት ሌላውን ማጥፋት ግድ ይልሃል፤ ጥሩ ጅምር ነበር፤ ኋላ ላይ ችግሩን የሚያስወግድ ዕቃ አግኝተህ ትገላገላለህ። መገላገል! አጎቴ ይህንን ቢሰማ ዕቃው የት እንደሚሸጥ ይጠይቀኛል።

ሌላው መንገድ የቆየው የወረቀት መንገድ ነው። ሳይበርፐንክ 2077 የተወለደው ማይክ ፖንድስሚዝ በ1988 ካወጣው የወረቀት ጨዋታ ነው። በዚያ ጨዋታ ብረት በገጠምህ ቁጥር ሰብአዊነት የሚባል ቁጥር ይቀንስብሃል፤ ሲያልቅ አእምሮህን ስተህ ሰው የምትፈጅ ትሆናለህ። በዓመቱ የወጣው ሻዶውራን የተባለ የወረቀት ጨዋታም ተመሳሳይ ነገር አለው፤ ሁሉም ሰው በ6 ነጥብ ይጀምራል፣ ብረት እየሸረሸረው ይሄዳል፣ ባዶ ሲሆን ሞት ነው። ሐሳቡ ጥልቀት እንዳለው አልክድም። ለእኛ ጨዋታ ወደ አማርኛ ልመልሰው ስል ግን ተሰነካከልሁ። ሰብአዊነት የጋዜጣ ቃል ነው፤ በጨዋታ መሐል አይመችም። "ሰውነት" አልሁት። ያኔ ችግሩ ወለል ብሎ ታየኝ፤ በእኛ ቋንቋ ሰውነት ሥጋም ነው፣ ሰው መሆንም ነው። "ሰውነትህ በሁለት ቀነሰ" ስል የትኛው ነው የቀነሰው?

አጎቴን ጠየቅሁት። ቡና እየጠጣን ሕጉን እንደ ተረት አድርጌ ነገርሁት፤ ብረት ሲገባ ሰውነት ይቀንሳል፣ ሲያልቅ ሰውዬው ያብዳል። ስኒውን አስቀመጠና "ታዲያ ለእኔ ስንት ቀረኝ?" አለኝ። ስቄ ልሸሸው ስል ቀጠለ። "እኔ የቀነስሁት እግሩን ሲሰጡኝ ነው? ከዚያ በፊት ነው እንጂ። ያን ስምንት ወር ክራንች ይዤ በረንዳ ላይ ስቀመጥ፣ ሰው ሰላም ሲለኝ ከላይ ወደ ታች ሲያየኝ። እግሩ ሲመጣማ ገበያ ወጣሁ።" ሰኞ ገበያ ማለቱ ነው። ያን ቀን አብሬው ነበርሁ፤ ምንም አልገዛም፣ ዝም ብሎ በሰው መሐል ሲጋፋ ዋለ።

ማታውኑ የሰውነትን ቁጥር ከወረቀታችን ላይ ሰረዝሁት።

በምትኩ የጻፍሁት ሕግ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ አስቀያሚ ነበር። ሁሉንም ነገር ከአጎቴ ሕይወት ቀዳሁ። ለእያንዳንዱ ብረት የካልሲ ብዛት፣ የማበጥ ሰንጠረዥ፣ የመታጠቢያ ሰዓት፣ የመለዋወጫ ዋጋ። ሦስት ገጽ ሞላ። መምህር ነኝ፤ ሰንጠረዥ ሲሰፋ ደስ ይለኛል። ቅዳሜ ዘርግተነው በአርባ ደቂቃ ውስጥ አንድም ሰው ከቤቱ መውጣት አልቻለም፤ ሁሉም ተቀምጦ ይደምራል። ጓደኛዬ እርሳሱን ወረወረና "እኔ ሳምንቱን ሙሉ ዕቃ ስቆጥር ነው የምውለው፤ ቅዳሜ ደግሞ ካልሲ ልቁጠር?" አለ። እህቱ ፈገግ አለች፤ ሐዘኔታ ያለበት ፈገግታ። ከዚህ ሕግ ሕመሙን ብቻ ነበር ያገኘነው፤ ጨዋታ አልነበረበትም።

ለሁለት ወር ያህል ነገሩን ተውሁት።

ከዚያ የአጎቴ እግር መቀየሪያ ደረሰ፤ ሰው ሠራሽ እግርም ያረጃል፣ ጉማጁም ቅርፁን እየለወጠ ከማጥለቂያው ጋር ይጣላል። ደሴ በሚገኘው የአካል ተሃድሶ ማዕከል አብሬው ዋልሁ። ሂደቱን ስጠብቅ የነበረው እንደ ፋብሪካ ነው፤ ያየሁት ልብስ ስፌት ቤት ነው። ባለሙያው ጉማጁን በጀሶ ፋሻ ጠቅልሎ ቅርፁን ወሰደ። ያ ባዶ ቅርፅ በጀሶ ይሞላና የእግሩ ምስል ይወጣል፤ ምስሉን በሞረድ ይስሉታል፣ አጥንት የሚነካበት ቦታ ላይ ይጨምሩለታል፣ ክብደት መሸከም የሚችልበት ላይ ይቀንሱለታል። ከዚያ በምድጃ የለሰለሰ የፖሊፕሮፒሊን ፕላስቲክ ያለብሱታል። ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ በዚህ ፕላስቲክ የሚሠራውን አሠራር ያስፋፋው ርካሽ፣ ቀላልና በቀላሉ የሚጠገን በመሆኑ ነው፤ ባልዲና የፕላስቲክ ወንበር የሚሠራበት ዓይነት ነገር ነው። አጎቴ ይህንን ሲሰማ በጣም ደስ አለው። ምክንያቱን ስጠይቀው "የትም የሚገኝ ዕቃ ነው፤ መለዋወጫ አጥቼ አልቆምም" አለኝ። ሹፌር ሁሌም ሹፌር ነው።

ያስደነቀኝ ግን ጀሶውም ፕላስቲኩም አይደለም። ባለሙያው ሥራውን ከመጀመሩ በፊት "ጋሼ፣ ቀኑን ሙሉ ምን ሲሠሩ ይውላሉ?" ብሎ ጠየቀ። አጎቴ "ምን እሠራለሁ፣ እቀመጣለሁ" አለ። ባለሙያው አልተቀበለውም። ሽንት ቤቱ ስንት ደረጃ አለው? ለስግደት ይንበረከካሉ? ቁልቁለት ይወርዳሉ? ወደ ኮምቦልቻ ይሄዳሉ? አዎ፣ ወንድሙ ጋ ይሄዳል። እንግዲያው እዚያ ሲያልበው ምን እንደሚያደርግ ተነጋገሩ። ደሴና ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢራራቁ ነው፤ ከፍታቸው ግን በስድስት መቶ ሜትር ገደማ ይለያያል፤ ጠዋት በደሴ ብርድ ጥብቅ ብሎ የተገጠመ እግር እኩለ ቀን ላይ በኮምቦልቻ ሙቀት በላብ ይንሸራተታል። እኔ ይህንን መንገድ ከመቶ ጊዜ በላይ ወርጄዋለሁ። አንድም ቀን በእግር አስቤው አላውቅም።

ስመለስ አንድ ቃል ይዤ ተመለስሁ። ያ ባለሙያ በእኛ ቋንቋ ገጣሚ ነው። ይገጥማል። የሠራው ነገር ልክ ሲሆን ግጥም ይላል። ሳይሆን የቀረ ጠዋት ደግሞ፣ ሐረጎ ላይ የሆነውም ጭምር፣ ገጠመኝ ነው። ሙሉው የጨዋታ ሕግ በአንድ ግሥ ውስጥ ተኝቶ ኖሮ እኔ ሦስት ገጽ ሰንጠረዥ ስሰፋ ነበር።

አዲሱ ሕግ ግማሽ ገጽ አይሞላም። በጨዋታው ውስጥ በነጋ ቁጥር እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ጊዜ ብቻ ዳይስ ይጥላል፤ ስንት ብረት ቢኖረው አንድ ጊዜ። ስድስት ከመጣ ግጥም ብሏል፤ ያን ቀን ብረቱ ከተሠራበትም በላይ ያገለግለዋል። አንድ ከመጣ ገጠመኝ ነው፤ ምን እንደሆነ የሚናገረው ተጫዋቹ ራሱ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። መሐል ያለው ሁሉ ተራ ቀን ነው፣ እንቀጥላለን። ሐረጎን የወረደ ወይም የወጣ ከዳይሱ ላይ አንድ ይቀንሳል። አንድ የሚጨምረው ገጣሚህ የሚያውቅህ ከሆነ ብቻ ነው፤ የሚያውቅህ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ምን ስትሠራ እንደምትውል ቁጭ ብለህ ከነገርኸው ነው። በገንዘብ አይገዛም። ብረቱ ውድ ሆነ ርካሽ ለውጥ የለውም።

አንዲት ትንሽ ሕግ ደግሞ ከአጎቴ ማሳከክ መጣች። የሌለው እግሩ ያሳክከዋል፤ በተለይ አውራ ጣቱ። ሌሊት ተነሥቶ ባዶ አልጋ ሲያክክ አይቼዋለሁ። እናም በእኛ ጨዋታ እጅ የተተካ ሰው የድሮ እጁ አልፎ አልፎ ይቀድመዋል። ፋርማሲ የምትሠራው የጓደኛዬ እህት ይህችን ሕግ ወዲያው ወሰደቻት፤ የእሷ ገጸ ባሕርይ በብረት እጇ መኪና ታነሣለች፣ የሻይ ብርጭቆ ግን ትጥላለች፤ የድሮው እጅ ቀድሞ ስለሚዘረጋ። የጨዋታችን ሳቅም ሐዘንም አብዛኛው ከዚያች ብርጭቆ ነው።

ሕጉ መሥራቱን ያወቅሁት ባልጠበቅሁት መንገድ ነው። አንድ ቅዳሜ ሦስቱ ሰዎቼ ትልቅ ገንዘብ ዘርፈው ከደረቅ ወደቡ አምልጠዋል፤ በሰዓቱ የሚነሣው ባቡር ቆሟል፤ ወደ አዋሽ ቢሳፈሩ ያሸነፉ ናቸው። አልተሳፈሩም። ገጣሚያቸው ኮምቦልቻ ውስጥ ከአንድ ጋራዥ ጀርባ የሚሠራ ሽማግሌ ነው፣ አሳዳጆቹም ያውቁታል። ጓደኛዬ፣ ያ ካልሲ አልቆጥርም ያለው ሰው፣ "ሌላ ገጣሚ ጋ ሄጄ የሽንት ቤቴን ደረጃ ከአንድ ብዬ ልቁጠርለት?" አለና ከባቡሩ ፊቱን አዞረ። ብረቱ ከአንድ ሰውና ከአንድ ቦታ ጋር አስሮት ነበር። ማንም ሳይደምር።

ይህንን ወደ ቪዲዮ ጨዋታ መልሶ ማስገባት ይቻላል ወይ ብለው ጓደኞቼ ሲጠይቁኝ እጠራጠራለሁ። ኮምፒውተር ላይ መጥፎ ጠዋት የመጣበት ሰው ጨዋታውን ካስቀመጠበት መልሶ ይከፍተዋል፤ ዳይሱም ትርጉም ያጣል። የጠረጴዛ ዳይስ ግን ሦስት ሰው እያየው ነው የሚወድቀው። ምናልባት የሚተርፈው ገጣሚው ብቻ ነው፤ ሱቅ መሆኑን ትቶ አንተን ማስታወስ የሚጀምር ገጣሚ። ለዚያ ብቻ በሳይበርፐንክ ያለኝን፣ አየር ላይ ሁለተኛ የሚያዘልለኝን የብረት እግር እሰጥ ነበር።

ባለፈው ወር አጎቴ ኮምቦልቻ ወንድሙን ሊጠይቅ አብሮኝ ወረደ፤ ወንድሙ ስላልነበረ ጓደኛዬ ቤት ቆየ። መብራት ጠፍቶ ወረቀቱ ወጥቶ ነበር። ልብስ ሰፊው ተነሥቶ "ጋሼ፣ እዚህ ይመቾታል" ብሎ የተሻለውን ወንበር ለቀቀለት። አጎቴ እግሩን አውልቆ ጠረጴዛው ሥር አስደግፎ ትንሽ አየንና የገጣሚውን ቦታ ለእኔ ስጠኝ አለ። ሰጠሁት። ልብስ ሰፊው አዲስ የሚዘል እግር ሊያስገጥም መጣ፤ ከሦስተኛ ፎቅ ወርዶ የሚያርፍ።

አጎቴ ዳይሱን በመዳፉ ሸፈነው። "ቆይ። ስንት ሰዓት ትቆማለህ በቀን?"

ልብስ ሰፊው እኔን አየኝ፤ እኔ ዝም አልሁ። "እ... ስፌት ላይ እቀመጣለሁ፤ ስቆርጥ እቆማለሁ።"

"የምትቆርጥበት ጠረጴዛ ከፍ ያለ ነው?"

ይህ ጥያቄና መልስ ከግማሽ ሰዓት በላይ ፈጀ። ማንም አልተነሣም። መጨረሻ ላይ አጎቴ እግሩን ገጠመለት፣ ዋጋውን ነገረው፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ "የእኔ ሰውዬ ሱቁን ስንት ነው የተከራየው?" አለኝ።

ለኪራይ የጻፍሁት ሕግ አልነበረኝም።